«ቻይናው» ያሉት ጋሽ ምትኩ

የጋሽ ምትኩን ሞት ሰው መጥቶ አልነገረኝም። በቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ግሩፕ ላይ ነው ያነበብኩት። የሻማ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «የሁላችን አባትና መካሪ፣ ሰው አክባሪው አቶ ምትኩ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ይላል። ቫኔን ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት የሚደረግበት ሕንፃ በር ላይ አቁሜ የማመላልሳቸውን ሴትዮ እየጠበቅኩ ነበር። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቀና ብዬ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እያሉ የጻፉትን ሰዎች ስም ሳነብ ግን ዕንባዬ ቀጥ አለ። ደሜ ፈላ።

የሁላችን አባት! በቁሙ ማን ነው አባቴ ያለው? ከቅዳሴ በኋላ ሰላም ሲላቸው ስልካቸውን የሚጎረጉሩት እነዚሁ አይደሉም? «ቻይናው መጣ» እያሉ በክርን የሚጎሻሸሙት እነዚሁ አይደሉም? የኛ ሰው ደግነቱ የሚመጣበት ሬሳ ሲያይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እኔም እዚያው ግሩፕ ላይ የምጽፈውን ጽፌ ነበር፤ ሴትዮዬ በዊልቸር ሲወጡ ስላየሁ አጠፋሁት። እዚህ እጽፈዋለሁ።

ጋሽ ምትኩን የማውቀው በሥራ ነው። ሁለታችንም በሽተኛ ከቤት ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ቤት የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ሾፌሮች ነበርን። አጠር ያለ፣ ጫማው በበረዶ ወራት እንኳን የሚያብለጨልጭ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ነበር። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ቻይና፣ ጓንግዡ ኖሯል። ከመርካቶ ዕቃ ሊገዙ የሚሄዱ ነጋዴዎችን ፋብሪካ ለፋብሪካ እየወሰደ ያስተረጉም፣ ዋጋ ይከራከርላቸው፣ ኮንቴይነር ያስጭንላቸው ነበር። ከኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር።

ፔርሙዝ ይዞ ነው ሥራ የሚመጣው። ውስጡ ሻይ የለ፣ ቡና የለ፣ የፈላ ውኃ ብቻ። «ጋሽ ምትኩ፣ ሆድህን ነው የምታጥበው?» ብለው ሾፌሮቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ዕቃ በሁለት እጁ ያቀብላል፣ በሁለት እጁ ይቀበላል። ይሄን ያዩት የኛ ልጆች «ቻይኖቹ አስተማሩህ?» ይሉታል። እናቶቻችን በሁለት እጅ ተቀበሉ እያሉ አይደል እንዴ ያሳደጉን? ረስተውት ሲያበቁ ሌላው ጋ ሲያዩት እንግዳ ሆነባቸው። እሱ ግን አይመልስም። «ቻይና ሄጄ ያገኘሁት አያቴን ነው» ይላል ብቻ፣ ውኃውን እየማገ።

እኔንም ያበሽቀኝ ነበር፤ አልደብቅም። «ጋሽ ምትኩ፣ ቅዳሜ ሺፍቴን ትሸፍንልኛለህ?» ስለው «እስቲ እንየው» ይላል። ተስፋ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ አይመጣም። ደጋግሞ ሲሠራኝ አንድ ቀን ማረፊያችን ብሬክ ሩም ውስጥ ጮኽኩበት።

«አልችልም አይባልም? ምን ይከብድሃል?»

«አልኩሽ እኮ።»

«እንየው ነው ያልከኝ!»

«እሱ ነው አልችልም ማለት። በሰው ላይ በር ድርግም አይደረግም፣ ጥሩዬ። ገርበብ ይደረጋል። ሰሚው ያውቀዋል።»

«እኔ ቻይና አይደለሁማ!»

«እናትሽ ሰው ሲለምናቸው "አልችልም" ይሉ ነበር?»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «አልችልም» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «እግዜር ያውቃል» ነበር የምትለው፤ ለማኙም ሌላ ቤት ይሄድ ነበር። ይሄን ሳስታውስ ይበልጥ ተናደድኩ።

«ሰው ያለውን ብቻ አትስሚ፤ ለማን ብሎ እንዳለው ስሚ።» ይቺ የእሱ አባባል ነች። ከየት እንዳመጣት ስጠይቀው ያከራየውን ሰውዬ ታሪክ አጫወተኝ። የኋላው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚች ታሪክ ስለሆነ ልናገራት።

ጓንግዡ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አከራዩ ራት ጋበዘው። ሌሎች እንግዶችም ነበሩ። የሰውዬው ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነው። ጋሽ ምትኩ በተማረው ትንሽዬ ቻይንኛ «ልጅህ ብልህ ነው» አለ። አባትየው እጁን እያወናጨፈ «ይሄ? ይሄ ደደብ ነው፣ ሰነፍ ነው» ብሎ መለሰ፤ ልጁ እዚያው ተቀምጦ። የኛ ጋሽ ምትኩ አላስቻለውም። የገዛ አባቱ በልጅነቱ ያደረሱበት ነገር ትዝ ብሎት ይሆናል። እንግዶቹ ሁሉ እየሰሙ «ልጅህን በሰው ፊት አታዋርድ፣ ነውር ነው» ብሎ አከራዩን ገሠጸው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ሻይ ቀዳለት። ጠብ የለ፣ ቁጣ የለ። ወሩ ሲያልቅ «ክፍሉን የአክስቴ ልጅ ይፈልገዋል» ተባለ፤ ወጣ።

«እስኪገባኝ አንድ ዓመት ፈጀብኝ» አለኝ። «እዚያ ሰው የራሱን አያደንቅም። ልጁ ማለት ራሱ ነው። ልጄ ጎበዝ ነው ካለ እኔ ጎበዝ ነኝ እንዳለ ይቆጠራል። ደደብ ነው ያለው ለኔ ምስጋና ነበር፤ ሙገሳህ በዝቶብኛል ማለቱ ነው። ልጁም ያውቃል። አንገቱን የደፋው በአባቱ ስድብ መስሎሽ ነው? በኔ ነው። አባቱን በገዛ ቤቱ፣ በሰው ፊት ስላዋረድኩበት።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ምትኩ ሰውን በሰው ፊት አርሞ አያውቅም። ስምሪት የሚሰጠን ልጅ አድራሻ ተሳስቶ ሲልከው እንኳን ዝም ብሎ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ማንም በሌለበት ነው የሚነግረው። እኔ ብሆን እዚያው ድብልቅልቁን ነበር የማወጣው።

ልጄ ሜሮን ኬቪንን ወደ ቤት ስታመጣው ያማከርኩት እሱን ነው። ኬቪን እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደ ቻይናዊ ነው፤ ሜሮን በምትሠራበት ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። አባቱ ሚስተር ሊን ዕድሜውን በሬስቶራንት ማድቤት የጨረሰ ጡረተኛ፣ ኢገን ከተማ የሚኖር። እኔ ልጁን ወድጄዋለሁ። ክትፎ ሲቀርብለት ዓይኑን የማያሽ፣ ሳይነግሩት ሳህን የሚያጥብ ልጅ ነው።

ችግሩ ኃይሉ ነበር። ኃይሉ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው። አሜሪካ ያመጣን እሱ ነው፤ ይሄን አልክድም። ኩን ራፒድስ ባለው ቤቱ ወራት አኑሮናል፣ ሜሮንን መኪና መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። አባት በሌላት ልጅ ዓይን አባት ማለት እሱ ነው። ስለ ኬቪን ሲሰማ ግን «ለወንድሜ ልጅ ሰው ጠፍቶ ነው ቻይና? የሚበሉትን አታውቂም?» አለኝ። የሚበላውንማ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የማበላው! ይሄን ብዬው ስልኩን ልዘጋበት ስል ሜሮን እጄን ያዘችኝ።

«ማሚ፣ ስቶፕ። አንክል ኃይሉ ካልመረቀኝ ዌዲንግ የለም። አይ ሚን ኢት። አባቴ እኮ የለም።»

ጋብቻው እንዲሁ በዚያ ሰውዬ ምርቃት ላይ ተንጠለጠለ።

ሽማግሌ መላክ አለበት ተባለ። ኬቪን ማንን ይላክ? አባቱንና ጋሽ ምትኩን፣ ከእነሱም ጋር አንድ አዛውንት ላከ። የኃይሉ ወገኖች ሳሎኔን ሞሉት፤ የገዛ ልጁም ነበር። እኔ እንደ ወጉ ማድቤት ነኝ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጌዋለሁ። እንግዶቹ ገብተው ቆሙ። «ተቀመጡ» ሲባሉ ጋሽ ምትኩ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ። ሚስተር ሊን የብርቱካን ካርቶን በሁለት እጁ አቅፎ ከጎኑ ቆሟል። እሱም ይሄን የኛን ወግ ወደደው፤ ፊቱ ላይ ይታወቅበት ነበር።

ተቀመጡ፣ ተጫወቱ። ከዚያ ኃይሉ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባትየው ይንገሩን፤ ልጃቸው እንዴት ያለ ልጅ ነው?» አለ። ጋሽ ምትኩ አስተረጎመ። ሚስተር ሊን ሳቅ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ብዙ ተናገረ። ጋሽ ምትኩም «ልጃችሁ ለልጄ ትበዛበታለች፤ የኔ ልጅ ገና ብዙ ይቀረዋል ይላሉ» አለ።

«ሰውዬው ያን ያህል አውርቶ አንተ ይሄን ብቻ?» አለ ኃይሉ። ከዚያ ራሱ በእንግሊዝኛ ዞረበት። «ሚስተር ሊን! ዩር ሰን ጉድ ቦይ?»

ሚስተር ሊን ሁለት እጁን እያራገበ ሳቀ። «ኖ፣ ኖ! ቬሪ ሌዚ። ኖ ጉድ። ዩር ገርል ቱ ጉድ!»

ኃይሉ ጭኑን መታ። «ሰማችሁ? አባትየው በአፉ መሰከረ! ወላጁ ሰነፍ ነው ያለውን ልጅ እኔ ለወንድሜ ልጅ ልቀበል?»

ሳሎኑ አጉረመረመ። ሚስተር ሊን አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ የሆነውን አላወቀም። ጋሽ ምትኩ ተነሥቶ ኃይሉ ጆሮ ጎንበስ አለና «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ውጭ ብንነጋገር» አለው። ኃይሉ ጮክ ብሎ «የምትለውን እዚሁ በል» ሲል መለሰ። ጋሽ ምትኩ ኃይሉን አየ፣ ሚስተር ሊንን አየ፣ የተቀመጡትን ሁሉ አየ። የያዝኩትን ቢላ አጥብቄ «ንገረው! ንገረው!» እላለሁ በሆዴ። እሱ ግን «እንግዲህ ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብሎ ኮቱን አነሣ።

ፓርኪንግ ሎት ድረስ ተከትዬ ጮኽኩበት። ከናቴ ሆድ ጀምሮ የሰማሁትን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት መሰለኝ።

«ለምን አልነገርከውም? አፍ የለህም?»

«በልጁና በዘመዶቹ ፊት "አልገባህም" ልበለው? ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳን የተሸነፈ ይመስለዋል፤ እንቢ እንዳለ ይሞታል። ብቻውን አገኘዋለሁ።»

«ነገሩ በስሎ፣ ተበልቶ፣ ካለቀ በኋላ ነው የምታገኘው!»

የፈራሁት አልቀረም። ጋሽ ምትኩ ኩን ራፒድስ ሲመላለስ ኃይሉ አንዴ ሥራ፣ አንዴ እንቅልፍ ላይ ነው ይባላል። እስከዚያ ወሬው ቤተ ክርስቲያኑን አዳረሰው። የገዛ አባቱ የመሰከረበት ሰነፍ ልጅ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ይሄ አልበቃ ብሎ ደግሞ «ቻይኖቹ ምትኩን ገዝተውታል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተባለ። ይሄን ያወራችው ሴትዮ ዛሬ ግሩፑ ላይ «አባቴ» ብላ ያለቀሰች ነች።

ኢገንም ሌላ ጉድ ነበር። ሚስተር ሊን «ሌላ ቀን» የተባለውን ከኃይሉ የመጣ መልስ አድርጎ ስለወሰደው ነገሩ ያለቀ መስሎታል። በእነሱ ዘንድ ጨዋ ሰው እንቢ የሚለው እንደዚያ ነዋ። ልጁን ጠርቶ «አልፈለጉንም» ብሎታል። ጋሽ ምትኩ ሄዶ «እዚህ የመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ መመለስ ነው ወጉ» ብሎ አስረዳው። ከዚያ ከባዱን ነገረው፤ ልጅህን በሰው ፊት ማመስገን አለብህ። ኬቪን በኋላ እንደነገረኝ አባቱ አንድም ቀን ጎበዝ ብሎት አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ዕለት ያለው ነገር ቢኖር «ጫማህ አልተጠረገም» ነው። ያን ሰሞን ግን ሻወር ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ በእንግሊዝኛ ብቻውን ሲያወራ ይሰማው ነበር። አባቴ ጤናው ተቃወሰ ብሎ ደንግጦ ነበር፣ ልጁ።

ሁለተኛው ቀን ደረሰ። የዚያኑ ያህል ሰው፣ ያው ሳሎን። ሚስተር ሊን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሸሚዙ አንገቱን አንቆታል። ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ ቆመ። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። ጆሮዎቹ በርበሬ መስለዋል።

«ማይ ሰን፣ ጉድ ማን» አለ። አንገትጌውን በጣቱ ሳብ አደረገና ቀጠለ። «ሃርድ ወርክ። ሂ ቴክ ኬር ሂዝ ማዘር። አይ አም ፕራውድ።»

ተቀመጠና ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። እኔ ማድቤት ሆኜ ተንሰቀሰቅኩ። ያ ሰውዬ ሱሪውን ቢያወልቅ ይቀለው ነበር እኮ! ለልጁ ሲል ዕድሜውን ሙሉ ነውር ያለውን ነገር በባዕድ ቤት፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት አደረገው።

ኃይሉ ምን አለ?

«ኧረ? ባለፈው ሰነፍ ነበር፣ ዛሬ ጎበዝ ሆነ? እንግዲህ ሰውዬው ቃል የለውም። ማነው ያስጠናው?» ብሎ ጋሽ ምትኩን አየው።

ጋሽ ምትኩ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ኃይሉ» አለ። አቶ የለ፣ ወንድሜ የለ።

«አቤት።»

«ልጅህን ምን ብለህ ነው የምትጠራው?»

የኃይሉ ልጅ እዚያው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ልንገርህ። ድንጋዩ ነው የምትለው። ኢንጂነር ሲሆን እንኳን "ድንጋዩ ሥራ ገባ" ብለህ ነው ያበሰርከን። ሰው ሲያመሰግንልህ "ተዉኝ እባካችሁ፣ የማይረባ ነው" ትላለህ። ጠልተኸው ነው? ይሄ አባትም ያለው ያንኑ ነው። አልገባኝም አትበለኝ። ገብቶሃል። ባለፈውም ገብቶሃል። ልጁን አልፈልገውም ማለት ስላፈርክ የአባቱን ትሕትና ማነቂያ አደረግክበት።»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። የኃይሉ ልጅ ነበር። «ኢትስ ትሩ፣ ዳድ። ድንጋዩ ነው የምትለኝ» አለ። የሱ ሳቅ ሌላውን ለቀቀው፤ ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ፤ አዛውንቱ ሳይቀሩ። እኔ ማድቤት ውስጥ በደስታ የማደርገውን አጣሁ። ኃይሉ ኮቱን ነጥቆ ወጣ፤ በሩን እንኳን አልዘጋውም። ብርዱ ገባ።

ወጥቼ መሐል ቆምኩና «ልጄን ሰጥቻለሁ!» አልኩ። እልል ተባለ። ሚስተር ሊን ብድግ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሜሮን ግን ፎቅ ላይ ናት፤ የአጎቷን መኪና ድምፅ ሰምታ ታለቅሳለች። ጋሽ ምትኩም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ፊቱ ዐመድ ለብሷል።

«ምን ሆንክ? አንጀቴን አራስከው እኮ!» አልኩት።

«አበላሸሁት።»

«እውነቱን ነው የነገርከው!»

«እውነቱንማ ነገርኩት። መውጫ ግን አሳጣሁት። መውጫ ያጣ ሰው አይመርቅም፣ ጥሩዬ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ዛሬ እንዳላወቀ ሆነ እንጂ። ኃይሉ «ምትኩ ባለበት አልገኝም» ብሎ ማለ። ኃይሉ የእድሩ ሊቀመንበር ነው፤ መዋጮ የሚሰበስብ፣ አዳራሽ የሚያስፈቅድ፣ የሚፈራ ሰው ነው። እውነት ለተናገረው ማን ይወግን? ያን ቀን ሳሎኔ ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት ሰዎች በሳምንቱ ጋሽ ምትኩን ሲያዩ መንገድ ቀየሩ። ኋላ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ እንኳን የጠየቅነው እኔ፣ ሜሮንና ኬቪን ነን፤ ሚስተር ሊንም በየቀኑ ሾርባ ይዞ። ሌላ ሰው አላየሁም።

እሱ ግን አንድም ቀን ክፉ አላወጣም። «ልክ ነው፤ በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት» ይላል። ሽማግሌ ይዞ ኩን ራፒድስ ለይቅርታ ሄደ። የኃይሉ ሚስት በሩን ከፍታ «የለም» አለች፤ መኪናው እዚያው ቆማ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው ስለው «አንቺ ቀኑን ቁረጪ፤ ሌላውን ተዪው» አለኝ። ቀኑን ቆረጥን። ኃይሉ ቢቀር እሰየው ብዬ ነበር። ሜሮን ግን ልብሷን ስትለካ እንኳን ፊቷ አይፈታም ነበር። «ዊል ሂ ካም፣ ማሚ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

የሠርጉ ቀን ኃይሉ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። እኔ ክው አልኩ። ገና ከበሩ ለሚያገኘው ሁሉ «ምትኩ በድሎኝ ነበር፤ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ለልጄ ስል ይቅር አልኩት» ይላል። ሰውም «አንተ ትልቅ ሰው ነህ» ይለዋል። ትልቅ ሰው! ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጊዜው ሲደርስ ተነሥቶ እጁን ሜሮን ራስ ላይ ጫነ። «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ፤ ውለዱ፣ ክበዱ፤ ወንድሜ ባያይሽ እኔ አይቼልሻለሁ» ብሎ መረቃት። ልጄ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሚስተር ሊን እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ ጎንበስ አለለት። ኃይሉም አቀፈው። ፎቶ ተነሡ።

ዓይኔ ጋሽ ምትኩን ፈለገ። አዳራሹን ዞርኩ፤ የለም። ውጭ ወጣሁና ደወልኩለት።

«የት ነህ አንተ?»

«ቤት ነኝ።»

«ምን ትሠራለህ ቤት? ሰው ሁሉ ገብቷል እኮ!»

«መጣ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ነው ያደረገው። በኃይሉ ሚስት በኩል መልእክት ልኮለታል። «እኔ አልኖርም፤ አንተ ና፤ ሰው ሲጠይቅህ "ይቅርታ ጠይቆኝ ተቀበልኩት" በል» ብሎ። መውጫ ሠራለት።

«ጋሽ ምትኩ፣ ይሄን አድርገህ ከሆነ...»

«መረቃት?»

«መረቃት።»

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ተመስገን። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንተን ነዋ! አንተን ነው የምፈልገው!» ፓርኪንግ ሎቱ መሐል የሐበሻ ቀሚሴን እንደለበስኩ እንደ እብድ ጮኽኩ። «ይሄን ጋብቻ የሠራኸው አንተ ነህ! እሱን ማን ፈለገው?»

«ልጅቷ» አለኝ።

ደህና ሁን እንኳን ሳልለው ስልኩን ዘጋሁበት።

ስገባ ከበሮው ተጀምሯል። ኃይሉ መሐል ገብቶ ትከሻውን እየነቀነቀ፣ እጁን ዘርግቶ ወደኔ መጣ። ሰው ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል። ፊቱ ላይ ልተፋበት አፌ ሞልቶ ነበር። ሜሮን ቆማ፣ የባሏን ክንድ ይዛ፣ ታየኛለች። ዋጥኩትና ጨፈርኩ።